የዓምዱን ዓይነት ለማሽኑ አይተዉለት
ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ለሚመዘግቡ ሰዎች የዳታቤዝ ሠንጠረዥ አሠራር መመሪያ

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ታሪፍ መለያ ቡና ያለው ምዕራፍ 09 ላይ ነው፤ ርዕሱም 0901 ይባላል። ይህን ኮድ የያዘ የጭነት ዝርዝር ለዳታቤዝ ሶፍትዌር ሰጥተው «ሠንጠረዡን አንተው ፍጠርልኝ» ቢሉት ቡናው 901 ሆኖ ይገባል። ሶፍትዌሩ ዓምዱ ውስጥ አሃዝ ብቻ ስላየ ቁጥር ነው ብሎ ፈረደ፤ ቁጥር ደግሞ ከፊቱ ዜሮ አይዝም። ጉዱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ የእርስዎ ዝርዝርና ዲክላራሲዮኑ አልገናኝ ሲሉ ነው።

ይህ መመሪያ ዋራበሌም ይሁን ሌላ የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ሆነው የኢትዮጵያን ገቢና ወጪ ጭነት ለሚመዘግቡ ሰዎች ነው፤ አዲስ አበባና ሞጆ ሆነው ያንኑ ጭነት ለሚጠብቁም ይሆናል። ኤክሴል የሚያውቅና ጥቂት የፓይተን መስመር ማስኬድ የማይፈራ ሰው በቀላሉ ይከተለዋል። ምሳሌዎቹን የምሰጠው በፖስትግሬስኪውኤልና በፓይተኑ ፓንዳስ ነው፤ ሌሎቹን ወደ መጨረሻው አነሳቸዋለሁ። የጅቡቲ ሥራ ከሌላው የሚከብድበት ምክንያት አለው። አንድ ፋይል ውስጥ በፈረንሳይኛ ልማድ የተጻፈ ዋጋ፣ የኢትዮጵያ ቀን፣ በግዕዝ ፊደልና በአረብኛ የተጻፈ ስም ተቀላቅለው ይመጣሉ። ነባሪዎቹን የዳታ ዓይነቶች የመረጡት ሰዎች እንዲህ ያለ ፋይል በሐሳባቸው አልነበረም።

መጀመሪያ፦ ወረቀቱን ይዘው ይቀመጡ

ኮምፒዩተሩን ከመክፈትዎ በፊት የሚመዘግቡትን ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉና በየዓምዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህን እደምረዋለሁ ወይ? ክብደት ይደመራል፤ የጥቅል ብዛት ይደመራል፤ የመጋዘን ክፍያ ይደመራል። የኮንቴይነር ቁጥር፣ የታሪፍ ኮድ፣ የግብር ከፋይ መለያ፣ የስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ የመኪናና የተሳቢ ታርጋ አይደመሩም። «ቁጥር» ተብለው ቢጠሩም የማይደመሩት ሁሉ ጽሑፍ ናቸው፤ በጽሑፍ ዓይነት ይያዙ።

የኮንቴይነር ቁጥር ቀላሉ ነው። አይኤስኦ 6346 በሚባለው ደረጃ መሠረት 11 ቦታ አለው፦ ሦስት ፊደል የባለቤቱ ኮድ፣ አንድ ፊደል የዕቃው ምድብ፣ ስድስት አሃዝ ተከታታይ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ አንድ የማረጋገጫ አሃዝ። ፊደል ስላለበት ሶፍትዌሩም ጽሑፍ መሆኑን ያውቃል። አደጋው የሚመጣው አንዳንዱ ሰው ፊደሉንና አሃዙን በሁለት ዓምድ ሲከፍለው ነው፤ ያን ጊዜ በዜሮ የሚጀምረው ተከታታይ ቁጥር ያጥራል። አይክፈሉት። የ11 ቦታ ጽሑፍ ያድርጉትና ርዝመቱ ከ11 ቢያንስም ቢበዛም እንዳይቀበል የቼክ ገደብ ይጨምሩበት።

የኢትዮጵያ የግብር ከፋይ መለያ 10 አሃዝ አለው፤ ብዙዎቹ በሁለት ዜሮ ይጀምራሉ። የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ሲጀምር የጅቡቲው ደግሞ ስምንት አሃዝ ሆኖ በ77 ይጀምራል። ሁለቱን በአንድ የቁጥር ዓምድ ቢያስገቡ የአዲስ አበባው ሾፌር ዜሮውን ያጣል፣ የጅቡቲው ግን ደህና ይመስላል። ችግሩ ቶሎ የማይያዘውም ለዚህ ነው። የሁለቱንም ከነአገር ኮዳቸው፣ 251 ወይም 253 ጨምረው፣ በጽሑፍ ይያዙ። «ኢንት» በሚባለው ዓይነት ልያዘው ካሉ ደግሞ ጣሪያው 2,147,483,647 ነው፤ ከአገር ኮዱ ጋር የተጻፈ ስልክ አይገባበትም። ፖስትግሬስ ስህተት ብሎ ይመልስልዎታል። የቆዩት የማይኤስኪውኤል ቅጂዎች ግን ዝም ብለው ጣሪያው ላይ ስለሚቆርጡት የሁሉም ሾፌር ስልክ 2147483647 ሆኖ ይገኛል። አንድ ዓምድ ውስጥ ይህን ቁጥር ደጋግመው ካዩ ምን እንደሆነ አሁን ያውቃሉ።

የሚደመሩትም ቢሆኑ ጣሪያ አላቸው። ቦታ ለመቆጠብ ብለው ክብደትን «ስሞል ኢንት» የሚያደርጉ አሉ፤ ጣሪያው 32,767 ነው። የባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በር ላይ 30,480 ኪሎ የሚል ጽሑፍ ስለሚያዩ ይበቃል ብለው ያስባሉ። ሚዛን ላይ የወጣ መኪና ከነተሳቢውና ከነጭነቱ ሲመዘን ግን አይበቃም።

ገንዘብ፦ ሁለት ዓምድ፣ ሦስት ጥንቃቄ

ፓንዳስ ነጥብ ያለውን ቁጥር ሁሉ «ፍሎት» ያደርገዋል። ፍሎት አስርዮሽን በሁለትዮሽ ስለሚያስቀምጥ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.3 ላይ በልክ አያርፉም። ለሚዛን ግራፍ ይሁን፤ ለሂሳብ መዝጊያ አይሆንም። ገንዘብ በ«ኑመሪክ» ይያዝ፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር «ዴሲማል» ይለዋል። ለብር ኑመሪክ 14፣2 ያድርጉ፤ በድምሩ 14 አሃዝ፣ ከነጥብ በኋላ 2 ማለት ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ሳንቲም የለውም፤ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ኮድ ደረጃም ከነጥብ በኋላ ዜሮ አሃዝ ያለው ሆኖ ነው የተመዘገበው። ስለዚህ ለፍራንክ 14፣0 ይበቃል። በፍራንክ ዓምድ ውስጥ ነጥብ ያለው ቁጥር ከመጣ አንድ ሰው ዶላር እዚያ አስገብቷል፤ ሶፍትዌሩ ግን ዝም ብሎ ያጠጋጋዋል፣ አይጮህም። ስለዚህ ከገንዘቡ ጎን ሦስት ፊደል የሚይዝ የገንዘብ ዓይነት ዓምድ ይኑር፤ ባዶ እንዳይሆንም ይከልክሉ።

የምንዛሬ ተመን የራሱ ዓምድና የራሱ ልክ ይፈልጋል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ተቆልፏል። ይህን ተመን እንደ ዋጋ ሁለት ቦታ ብቻ ሰጥተው ቢይዙት 177.72 ይሆናል፤ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ጭነት ላይ የ1,000 ፍራንክ ልዩነት ነው። የብር ተመን ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ለተመን ከነጥብ በኋላ ስድስት ቦታ ቢተዉ አይጸጸቱም።

ሦስተኛው ጥንቃቄ አጻጻፉ ነው። በፈረንሳይኛ ልማድ የሚጻፍ ደረሰኝ አስርዮሹን በኮማ፣ ሺውን በክፍተት ይለያል፦ 1 250,75። ሶፍትዌሩ ይህን ሲያይ ቁጥር ነው ብሎ አያምንም፣ ጽሑፍ ያደርገዋል። መደመሪያ ዓምድዎ ጽሑፍ ሆኖ ካገኙት መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይህን ይሁን። የሺው ክፍተት ብዙ ጊዜ ተራ ክፍተት አይደለም፤ በዓይን የማይለይ «የማይሰበር» የሚባል ክፍተት ስለሆነ በስፔስ ቁልፍ የጻፉትን ክፍተት ፈልገው ቢተኩ አይገኝም። አሃዝና ኮማ ካልሆነ ሌላውን ሁሉ አጥፍተው ከዚያ ኮማውን ወደ ነጥብ ይለውጡ። ተመላሽ ሂሳብ ካለ የመቀነስ ምልክቱን እንዳያጠፉት።

ቀን፦ ተቀባይነት ያገኘው ስህተት

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። «ዴት» የሚባለው ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ቀን ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ደብዳቤ ላይ 30/10/2016 የሚል ቀን ቢኖር ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በጎርጎርዮስ ጁላይ 7፣ 2024። ቀኑን እንዲያስቀድም የታዘዘ ዳታቤዝ ግን ኦክቶበር 30፣ 2016 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። የጥቅምት 30 ቀን፣ ማለትም 30/02፣ ሲመጣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ይመልሰዋል፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነ ይመለሳል። የሚመለሱት አያሳስቡም፤ ሰው አይቶ ያርማቸዋል። የሚያሳስቡት ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት ተመዝግበው ሪፖርት ውስጥ የሚቀመጡት ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ዓምድ ይሥሩ፦ አንዱ በወረቀቱ ላይ እንደተጻፈ በጽሑፍ የሚይዝ፣ ሌላው የተቀየረውን ቀን በዴት የሚይዝ። መቀየሩን ሰው ወይም የታመነ ፕሮግራም ይሥራው እንጂ ዳታቤዙ አይገምት። የጎርጎርዮስ ቀንም ቢሆን ከነልማዱ ነው የሚመጣው። የጅቡቲ ሰነድ ቀኑን ያስቀድማል፤ ፖስትግሬስ ደግሞ ካልነገሩት በነባሪው ወሩን ያስቀድማል። 03/04/2024 ለጅቡቲው ኤፕሪል 3 ሲሆን ለፖስትግሬሱ ማርች 4 ነው። «ቱ ዴት» በሚባለው ተግባር ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚለውን ቅደም ተከተል በግልጽ ይጻፉለት።

ሰዓት ላይ ጅቡቲና አዲስ አበባ በአንድ ቀጠና፣ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደፊት ናቸው፤ ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ሾፌሩ «ሦስት ሰዓት ከበር ወጣሁ» ሲል የወደቡ ወረቀት 09:00 ይላል። በዳታቤዝ ውስጥ የወደቡን ሰዓት ይያዙ፤ ዓይነቱም የሰዓት ቀጠና ያለው «ታይም ስታምፕ» ይሁን። የመርከብ መድረሻ ሰዓት ከሌላ አገር ወኪል በሌላ ቀጠና ሲመጣ የሚያድንዎት እሱ ነው።

ስም፦ አንድ ፊደል ስንት ባይት ነው?

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው ቅጂ 3.0 ነው። በዩቲኤፍ 8 አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የአረብኛው ፊደል ሁለት። ፖስትግሬስ «ቫርቻር 50» ሲባል 50 ፊደል ነው የሚረዳው፤ ችግር የለም። ኦራክል ግን በነባሪው 50 ባይት ብሎ ስለሚተረጉመው የሚያስገባልዎት 16 የግዕዝ ፊደል ነው። የአባትና የአያት ስም ያለው ሰው አያትየው ላይ አይገባም ይባላል። ከ50 ቀጥሎ «ቻር» ብለው ቢጽፉለት ይስተካከላል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ «ቫርቻር» ካሉት አማርኛው የጥያቄ ምልክት ይሆናል። «ኤንቫርቻር» ይበሉት፤ ዋጋውን ሲያስገቡ ከጥቅስ ምልክቱ ፊት የእንግሊዝኛውን «ኤን» ፊደል ማስቀደምም እንዳይረሳ። ከ2019ኙ ቅጂ ጀምሮ በዩቲኤፍ 8 መሥራት ይቻላል። ማይኤስኪውኤል ከ8.0 በፊት ነባሪው «ላቲን 1» ስለነበር እዚያም አማርኛው ይጠፋ ነበር፤ አሁን ነባሪው «ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4» ነው። አሮጌውን ባለ ሦስት ባይት ዩቲኤፍ 8 የሚጠቀሙ ካሉ ለአማርኛ ይበቃቸዋል፤ በ2021 ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት የጉራግኛ ፊደሎች ግን አራት ባይት ስለሆኑ አይገቡበትም። ከጅምሩ ባለ አራቱን ይምረጡ።

አሁን ማሽኑን ይዘዙ

ነባሪውን የሚሽሩበት ቦታ ሁለት ነው፤ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያውቃል። የመጀመሪያው ፋይሉ ሲነበብ ነው። በፓንዳስ «ሪድ ሲኤስቪ» ሲያነቡ «ዲታይፕ» የሚለውን ምርጫ «ስትር» ብለው ይስጡት፤ ሁሉም ዓምድ ጽሑፍ ሆኖ ይገባል። ፋይሉ ከፈረንሳይኛ ኤክሴል የወጣ ከሆነ መለያያው ብዙ ጊዜ «;» ስለሆነ እሱንም ይንገሩት። ይህን ካልሠሩ ዜሮው በንባብ ላይ ይሞታል፤ ሠንጠረዡን በኋላ የቱንም ያህል ቢያሳምሩት አይመለስም። ሌላም ነገር አለ። በአሃዝ ዓምድ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ከተገኘ ፓንዳስ ዓምዱን በሙሉ ፍሎት ያደርገዋል፤ ስልኩ ዜሮውን ማጣቱ ሳያንስ መጨረሻው ላይ «.0» ይለጠፍበታል።

ሁለተኛው ቦታ ሠንጠረዡ ሲፈጠር ነው። «ቱ ኤስኪውኤል» የሚባለው ትእዛዝም የራሱ «ዲታይፕ» አለው፤ የዓምዱን ስም ከሚፈልጉት የኤስኪውኤል አልኬሚ (ፓንዳስ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበት የፓይተን መሣሪያ) ዓይነት ጋር እያጣመሩ ይሰጡታል። ያልጠቀሱት ዓምድ በነባሪው ይሄዳል። ለትንሽ ሥራ ይህ ይበቃል።

ለዘላቂ ሥራ ግን ሠንጠረዡን በእጅዎ በ«ክሪኤት ቴብል» ይጻፉት። ቱ ኤስኪውኤል ዋና ቁልፍ አያበጅም፣ «ባዶ አይሆንም» የሚል ገደብ አያስቀምጥም፣ የቼክ ገደብም አያውቅም። የእኔ ምክር ሁለት ሠንጠረዥ ነው። አንደኛው መቀበያ ይሁን፤ ዓምዶቹ ሁሉ ጽሑፍ ሆነው ፋይሉ እንዳለ ይገባበታል። ሁለተኛው እርስዎ ዓይነቱን የወሰኑለት ነው። ከመቀበያው ወደ ዋናው የሚያሻግሩት በ«ኢንሰርት» እና በ«ሴሌክት» ሲሆን በመካከሉ ኮማው ነጥብ፣ ቀኑ ዴት ይሆናል። የማይሻገር ረድፍ ሲገኝ መቀበያው ላይ እንዳለ ስለሚቀር ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩታል።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። ቱ ኤስኪውኤል ላይ «ሠንጠረዡ ካለ» ለሚለው ምርጫ «ሪፕሌስ» ብለው ከሰጡት ሠንጠረዡን ጥሎ በነባሪ ዓይነቶች እንደገና ይፈጥረዋል። ስሙ ያው ነው፣ ረድፎቹ ያው ናቸው፣ በእጅዎ የጻፉት ዓይነትና ገደብ ግን ሁሉም ሄዷል። ዋናው ሠንጠረዥ ላይ «አፔንድ» እንጂ ሪፕሌስ አይጠቀሙ።

በሌላ ሶፍትዌር ቢሠሩ

አክሰስ የሚጠቀሙ ትንንሽ ቢሮዎች ገና ብዙ ናቸው። እዚያ የቁጥር ዓምድ ነባሪው «ሎንግ ኢንቲጀር» ስለሆነ 12.75 ሲያስገቡ 13 ይሆናል። በምርጫዎች ገጽ ውስጥ «ኦብጀክት ዲዛይነርስ» የሚለው ክፍል ነባሪውን አንድ ጊዜ ለሁሉም ሠንጠረዥ ያስቀይርዎታል፤ የተሠሩትን ግን አይነካም።

ኤስኪውላይት የራሱ ጠባይ አለው። ጽሑፍ ለማለት ፈልገው ዓይነቱን «ስትሪንግ» ብለው ቢጽፉ ያንን ስም ስለማያውቀው እንደ ቁጥር ይቆጥረዋል፤ 0901 ተመልሶ 901 ይሆናል። «ቴክስት» ብለው ይጻፉ። በጃቫው ሃይበርኔት ጽሑፍ ሁሉ በነባሪው ቫርቻር 255 ነው፤ ርዝመቱን በየዓምዱ መጻፍ ይቻላል።

ከፈጠሩ በኋላ፣ ካመለጠዎትም

ሠንጠረዡ ሲፈጠር «ኢንፎርሜሽን ስኪማ» ውስጥ ያለውን የዓምዶች ዝርዝር ይጠይቁ፤ የጻፉት ዓይነትና የተፈጠረው አንድ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ ርዝመትን ይፈትሹ፦ የኮንቴይነር ቁጥሩ 11 ያልሆነ፣ የግብር መለያው 10 ያልሆነ ረድፍ አለ? ትንሹንና ትልቁን ቀንም ይጠይቁ። ድርጅቱ ሳይመሠረት በፊት የገባ ጭነት ካገኙ የኢትዮጵያ ቀን ተቀላቅሏል።

ቀድሞ በስህተት የተሠራ ሠንጠረዥ ካለዎት «ኦልተር ቴብል» ዓይነቱን ይቀይራል፤ «ዩዚንግ» በሚለው ቃል አቀያየሩን ይነግሩታል። ርዝመቱ የታወቀ መለያ ይድናል፤ የግብር መለያው እስከ 10፣ ባለ ስምንት አሃዝ የታሪፍ ኮድ እስከ 8 ድረስ ከግራ በዜሮ ይሞላል። ዓምዱ ውስጥ ርዝመታቸው የተለያየ ኮዶች ካሉ ግን በጅምላ አይሙሉ፤ 901 ምን ያህል ዜሮ እንደጎደለው ማሽኑ አያውቅም።

የማይድንም አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ በ1000 ስለሚጀምር ዜሮ አይጠፋበትም። ነገር ግን ኤክሴል 12 አሃዝና ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር በነባሪው አሳጥሮ፣ 1.00012ኢ+12 በሚመስል መልክ ያሳየዋል። ፋይሉን እንደዚያው ወደ ሲኤስቪ ካስቀመጡት የሚጻፈው የሚታየው ነው፤ የቀሩት አሃዞች ከፋይሉ ወጥተዋል። ኤክሴል ላይ ዓምዱን ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ወደ ጽሑፍ ይቀይሩት። ዳታቤዝዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ካለ ዛሬውኑ ይፈልጉትና ከደረሰኙ ላይ መልሰው ይጻፉት። ደረሰኙ ከተጣለ በኋላ የሚመልሰው ሶፍትዌር የለም።